ርካሽ ስድስት ጎራሽ ሽጉጥ፦ ብር ከመቁጠር በፊት የሚደረግ ፍተሻ

ከበሮው እየተሽከረከረ ጥይት የሚያቀርበው ሽጉጥ፣ ስድስት ጎራሽ የሚባለው፣ «አይነክስም»፣ ማለትም ተኩስ ላይ ተጣብቆ አይቆምም፣ የሚል ስም አለው። ስሙ ግማሹ እውነት ነው። ጥይት የሚደረደርበት ካርታ የለውም፣ ቀለህ (የተተኮሰ ጥይት ቅርፊት) የሚተፋበት መስኮት የለውም፤ ስለዚህ ክላሽና ማካሮቭ የሚነክሱባቸው ምክንያቶች አብዛኞቹ እዚህ የሉም። አንዱ ጥይት ቢከሽፍ ምላጩን ደግሞ መሳብ ነው፣ ቀጣዩ ይመጣል። ሆዱ ግን እንደ ግድግዳ ሰዓት በጥቃቅን ብረት የተሞላ ነው። ምላጭ፣ መዶሻ፣ ከበሮ ገፊ ጣትና መቆለፊያ ምላስ በፀጉር ልዩነት ተራ ጠብቀው መሥራት አለባቸው። አንዱ ከተራው ሲወጣ መሣሪያው እንዳለ ይቆማል፤ ያን ጊዜ መታ መታ አድርጎ ማስነሳት የለም፣ ጠጋኝ ቤት ነው።

ርካሹ ያዋጣል ወይ የሚለው ጥያቄ መልስ የሚያገኘው ዋጋው ምን ላይ ተቆጥቦ እንደወረደ ሲታወቅ ነው። ቁጠባው ማለስለስና ማብረቅረቅ ላይ ከሆነ ግዢው ጥሩ ነው። ብረቱ ላይ ከሆነ በነፃ ቢሰጥም አይወሰድም። ይህን ለመለየት ግማሽ ሰዓት፣ በቂ ብርሃንና ከታች የተዘረዘረው ዕቃ ይበቃል።

ከፍተሻው በፊት ወረቀቱ

የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 ያለ ፈቃድ መሣሪያ መግዛትን፣ መያዝንም ሆነ ለሌላ ማስተላለፍን ይከለክላል። ስለዚህ ከደሴ የሐረጎን ቁልቁለት ወርደው ኮምቦልቻ ድረስ ሽጉጥ ሊያዩ ከመሄድዎ በፊት የራስዎ ፈቃድ፣ የሻጩ ፈቃድና የዝውውሩ መንገድ ፖሊስ ዘንድ የተጠየቀ ይሁን። መሣሪያው ላይ የተመታው ቁጥርና ወረቀቱ ላይ ያለው ቁጥር አንድ ፊደል እንኳ መለየት የለበትም። ቁጥሩ ብዙውን ጊዜ እጀታው ሥር ወይም ከበሮው ወደ ጎን ሲከፈት በሚታየው ክንድ አካባቢ ነው። ቁጥሩ ያለበት ቦታ ከሌላው ገላ ይልቅ ካበራ ወይም በጣት ሲዳሰስ ጎድጎድ ካለ ሞረድ አግኝቶታል ማለት ነው። ፍተሻው እዚያው ያበቃል፤ ሻይዎን ጠጥተው ይነሱ።

የሚያስፈልግ ዕቃ

የእጅ ባትሪ፣ ባለ ላጲስ እርሳስ፣ ሁለት ሦስት ቅጠል የፎቶ ኮፒ ወረቀት፣ ማግኔት፣ ጥጥ፣ ጠመኔ፣ ከተቻለም ለዚያው ዓይነት ሽጉጥ የሚሆኑ ስድስት ባዶ ቀለሆች። ማግኔት ከተበላሸ ድምፅ ማጉያ ጀርባ ይገኛል፤ ሬዲዮ የሚጠግን ሁሉ አያጣውም። የወረቀቱ ነገር ቀልድ አይደለም፦ ተራው ባለ 80 ግራም ወረቀት ውፍረቱ ወደ 0.10 ሚሊ ሜትር ነው፣ ለዚህ ሥራ ደህና መለኪያ ይሆናል። የበለጠ ልክ የሚፈልግ፣ ኮምቦልቻ ያሉ የጭነት መኪና ጋራዦች ቫልቭ ሲያስተካክሉ የሚጠቀሙበትን ባለ ስስ ቅጠል መለኪያ ይዋስ። መለኪያው ወደ ሽጉጡ ይምጣ እንጂ ሽጉጡ ወደ ጋራዥ አይሂድ።

1. ባዶ መሆኑን በጣትዎ ያረጋግጡ

«ባዶ ነው» የሚለው የሻጭ ቃል አይቆጠርም። ከበሮውን ይክፈቱና እያንዳንዱን የጥይት ጉድጓድ ይዩ፣ ትንሿን ጣትዎን ይክተቱ። ከበሮው ወደ ጎን የማይወጣ፣ በጎኑ በር የሚጎርስ ዓይነት ከሆነ በሩን ከፍተው ከበሮውን አንድ ሙሉ ዙር ያዙሩ፤ ስድስቱንም ሳያዩ አይዝጉ። ሽጉጡ ከእጅዎ ወጥቶ በተመለሰ ቁጥር እንደገና ይቆጠራል። ጥይት ካለ ሌላ ክፍል ይቀመጥ። አፈሙዙ ሁልጊዜ ሰው ወደሌለበት ነው፤ ግድግዳ ጀርባ ሰው ካለ ግድግዳው አይቆጠርም።

2. ብረቱ ምንድን ነው?

ማግኔቱን በገላው፣ በከበሮውና በአፈሙዙ ላይ ያስጠጉ። ተራ ብረትም ሆነ ለሽጉጥ የሚውለው አብዛኛው የማይዝግ ብረት ይይዛል። ገላው ማግኔት ካልያዘ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። አንዱ አሉሚኒየም ነው፤ ታዋቂ ፋብሪካዎችም ለቀላል ሽጉጥ ይጠቀሙበታል፣ እጅ ላይ መቅለሉ ወዲያው ያስታውቃል። ሌላው በቅርጽ የፈሰሰ የዚንክ ቅይጥ ነው፤ ማግኔት አይይዝም ግን ከባድ ነው፣ ክብደቱ ለብረት የቀረበ። ቅይጡ 400 ዲግሪ ሳይሞላ የሚቀልጥ ለስላሳ ማዕድን ነው። በጥቂት ተኩስ የመቆለፊያው ጎድጎድ ይሰፋል፣ ገላው ይሰነጠቃል።

ከዚሁ ወገን በጣም የሚያሰጋው ለድምፅ ብቻ የተሠራ ሽጉጥ እውነተኛ ጥይት እንዲተኩስ ተቆፍሮ የተለወጠው ነው። ከላይ ሲታይ ልክ እንደ ውድ ሽጉጥ ያብረቀርቃል። ምልክቶቹ፦ ገላው ዚንክ፣ አፈሙዙ ውስጥ ጠመዝማዛ መስመር የሌለው ወይም በኋላ የተሰካ ቱቦ ያለበት፣ ቱቦው ዙሪያ የብየዳ ወይም የሙጫ ዱካ፣ ጎኑ ላይም የድምፅ ጥይት መለያ የሆነው «9 ሚሜ አር.ኬ.» የሚል ጽሑፍ። ይህ ዕቃ ሕገ ወጥ ነው፤ በዚያ ላይ የሚፈነዳው በያዘው ሰው እጅ ውስጥ ነው።

3. ከበሮው በጊዜው ይቆልፋል?

ከሁሉም ረዘም ያለ ጊዜ የሚሰጠው ለዚህ ነው፤ በርካሽ ባለ ከበሮ ሽጉጦች ላይ ጎልቶ የሚታየው ጉድለት እዚህ ነው ያለው።

አንዱን ጉድጓድ ከውጭ በጠመኔ ምልክት ያድርጉበት፣ መነሻዎ እሱ ነው። የግራ እጅዎን አውራ ጣት ከበሮው ጎን ላይ በስሱ ያሳርፉ፣ ፍሬን እንደሚይዝ ያህል ብቻ። ከዚያ መዶሻውን በቀኝ አውራ ጣት በጣም ቀስ ብለው ወደ ኋላ ይሳቡ። ዓይንዎ ከበሮው ሥር ያለችው መቆለፊያ ምላስ ላይ ይሁን። ምላሷ ጎድጎዷ ውስጥ «ጠቅ» ብላ መግባት ያለባት መዶሻው ተወጥሮ ከመቆሙ በፊት ወይም አብሮ ነው። መዶሻው ቆሞ ከበሮው በጣት ሲገፋ ገና ትንሽ ሄዶ «ጠቅ» ካለ ዘግይቷል። መዶሻውን ለመመለስ በአውራ ጣት ጠብቀው ይዘው፣ ምላጩን ስበው ቀስ ብለው ያውርዱ። በስድስቱም ላይ ይህንኑ ይድገሙ። አንዱን አይተው «ደህና ነው» አይበሉ፤ አምስቱ ልክ ሆነው ስድስተኛው የሚዘገይበት ጊዜ ብዙ ነው።

ቀጥሎ መዶሻውን ሳይነኩ ምላጩን ብቻ በዝግታ እየሳቡ እንደገና ስድስት ጊዜ። ሻጭ ሽጉጥ ሲያሳይ ምላጩን ቶሎ ቶሎ ነው የሚስበው። በፍጥነት ሲሳብ ከበሮው በራሱ ግፊት ተንደርድሮ ይቆልፋል፣ ጉድለቱም አይታይም። ዝግታ ነው የሚያጋልጠው።

መዘግየቱ ምን ያመጣል? ጥይቷ ከአፈሙዙ ጋር ሳትገጥም ትተኮሳለች። የጥይቱ እርሳስ የአፈሙዙን ጀርባ ጠርዝ ገጭቶ ይላጫል፣ ላጩም በከበሮውና በአፈሙዙ መካከል ባለው ክፍተት ወደ ጎን ይረጫል፤ አጠገብ የቆመ ሰው ፊት ላይ የሚያርፈው እሱ ነው። መቺ መርፌውም ካፕሱሉን (ጥይቱ ቂጥ ላይ ያለችውን ማቀጣጠያ) መሐል ትቶ ዳር ስለሚመታ መክሸፍ ይመጣል። ምክንያቱ ሁለት ነው፦ ከበሮውን የምትገፋው ጣት ጫፏ ተበልቷል፣ ወይም ከበሮው ጀርባ ያለው የኮከብ ቅርጽ ጥርስ ተበልቷል። ስድስቱም እኩል የሚዘገዩ ከሆነ ጣቷን ይጠርጥሩ፤ እሷ መለዋወጫ ከተገኘላት የምትቀየር ነች። አንዱ ብቻ ከዘገየ ጥርሱ ነው፤ እሱን መጠገን የርካሽ ሽጉጥን ዋጋ ስለሚያህል ይተውት።

4. የከበሮው ልቅነትና ክፍተቱ

ምላጩን ስበው መዶሻው ከወደቀ በኋላ ጣትዎን ሳያነሱ ይያዙ። ከበሮውን ወደ ግራና ቀኝ ይነቅንቁ። ትንሽ መነቃነቅ ያለ ነው፤ በዓይን ጎልቶ የሚታይ፣ እንደ ልቅ የበር እጀታ የሚንቋቋ ከሆነ ግን ምላሷ ወይም ጎድጎዶቹ ሰፍተዋል።

አሁን ወረቀቱ። በከበሮው ፊትና በአፈሙዙ ጀርባ መካከል ያለውን ክፍተት ብርሃን ላይ አንስተው ይዩ፣ ከዚያ አንድ ቅጠል ወረቀት ይክተቱ። አንድ ቅጠል በቀላሉ፣ ሁለት ድርብ በጭንቅ የሚገባ ከሆነ 0.10 እስከ 0.20 ሚሊ ሜትር ነው፣ የሚፈለገውም ይኸው። ሦስት ድርብ እንደልቡ ከገባ ክፍተቱ ወደ 0.30 ደርሷል፤ ጋዝና እሳት በጎን ይባክናል፣ ጥይቱም ጉልበት ያጣል። አንድም ቅጠል አልገባ ካለ ጥብቅነቱ አያስደስት። ሁለት ሦስት ዙር ሲተኮስ ከበሮው ግሎ ይነፋል፣ ጥቀርሻ ይጨመርበታል፣ ከዚያ አፈሙዙን እየፈተገ ምላጩ ይከብዳል። አዲስ ርካሽ ሽጉጥ «ነከሰብኝ» ሲባል ብዙ ጊዜ ነገሩ ይህ ነው።

ከበሮውን ወደ ኋላ ገፍተው ይለኩ፣ ወደ ፊት ገፍተውም ይለኩ። የሁለቱ ልዩነት የከበሮው የፊትና ኋላ ጨዋታ ነው። ወደ አንድ ሙሉ ቅጠል ወረቀት ከተጠጋ፣ ማለትም ከ0.08 ሚሊ ሜትር ካለፈ፣ ሽጉጡ ብዙ ተተኩሶበታል ወይም ከአቅሙ በላይ የሆነ ጥይት በልቷል።

ከበሮውን በዝግታ እያዞሩ ክፍተቱን መመልከትም አይርሱ። ሲዞር የሚጠብና የሚሰፋ ከሆነ ክንዱ ወይም መካከለኛው ዘንግ ተጣሟል። ይህ የፊልም ውርስ ነው፦ ከበሮውን በእጅ አንጓ ወርወር አድርጎ መዝጋት። ሻጩ እፊትዎ እንዲያ ሲዘጋ ካዩ የቀደሙትን መቶ ጊዜዎች ይገምቱ።

5. መዶሻውና መቺ መርፌው

መዶሻውን ወጥረው፣ ጣትዎን ከምላጩ አርቀው፣ ከኋላ በአውራ ጣት ወደ ፊት በደህና ጉልበት ይግፉት። ከወደቀ ፍተሻው አለቀ። የመዶሻው መያዣ ጥርስ ተበልቷል ወይም አንድ «ባለሙያ» ምላጩን ለማቅለል ሞርዶታል፤ ወድቆ ወይም ተመትቶ የሚተኩስ ሽጉጥ ነው። ለውይይት የሚቀርብ ጉድለት አይደለም፣ ዋጋ ቢቀነስም አይገዛ።

መዶሻው ወርዶ ምላጩ ሲለቀቅ መርፌው በገላው ቀዳዳ አልፎ ወደ ጥይቱ ወገን ብቅ ማለት የለበትም። ብቅ ካለ ሁልጊዜ ካፕሱል ላይ ተኝቶ ነው የሚውለው። እንዲህ ያለው የድሮ አሠራር ሽጉጥ አምስት ብቻ ጎርሶ፣ መዶሻው ባዶ ጉድጓድ ላይ ነው የሚያዘው። ስድስት ጎራሽ ተብሎ አምስት ማለት ነው፣ ሲከፍሉ ያስቡበት።

የእርሳሱ ፈተና እንዲህ ነው። ጉድጓዱ ባዶ መሆኑን እንደገና አይተው፣ መዶሻውን ወጥረው አፈሙዙን ወደ ላይ ያቁሙ። እርሳሱን በላጲሱ በኩል ቁልቁል ይልቀቁት፣ ላጲሱ መርፌው ቀዳዳ ላይ ይቀመጣል። ፊትዎን ያርቁና ምላጩን ይሳቡ። መርፌው ጤነኛ ከሆነ እርሳሱ ከአፈሙዙ ተስፈንጥሮ ይወጣል። ዝም ብሎ ከተንቀጠቀጠ የመዶሻው ሞላ ደክሟል ወይም የመርፌው ጫፍ ተሰብሯል። ጠርዙ ላይ የሚመታውን .22 ጥይት ለሚተኩስ ሽጉጥ ግን ባዶ መሳብ አይገባም፤ መርፌው የጉድጓዱን ከንፈር ራሱን እየመታ ይደፈጥጠዋል።

6. አፈሙዙና ጉድጓዶቹ

ከበሮውን ከፍተው አፈሙዙ ጀርባ ላይ ቁራጭ ነጭ ወረቀት ያስቀምጡ፣ ባትሪውን ወረቀቱ ላይ ያብሩ፣ በጫፉ በኩል ይመልከቱ። ጠመዝማዛ መስመሮቹ ጥርት ብለው ሊታዩ ይገባል። ትንሽ ጥቁረት በጽዳት ይሄዳል። እንደ ጥላ ያለ ሙሉ ቀለበት ካዩ ግን አፈሙዙ አብጧል፤ አንድ ጊዜ የጥይት እርሳስ ውስጡ ቀርቶ ሌላ ተተኩሶበታል ማለት ነው። ውጩን በጣት ሲዳብሱም እብጠቱ ይሰማል።

የአፈሙዙን ጀርባ፣ የጥይቱ እርሳስ የሚገባበትን ሰፊ አፍ፣ በጥጥ ጠርገው ታችኛውን ጎኑን ያተኩሩበት። ስንጥቅ ሲጀምር አብዛኛውን ጊዜ እዚያ ነው። ስንጥቁ ፀጉር ቢያክልም አይገዛም። ከበሮው በላይ ባለው የገላው ድልድይ ላይ እሳት የጫረው ቀጭን መስመር ግን አያስደንግጥ፤ ጥቂት ከሄደ በኋላ ራሱ ይቆማል።

ባዶ ቀለሆቹን በየጉድጓዱ ይጣሉ። በራሳቸው ክብደት ገብተው ሽጉጡ ሲገለበጥ በራሳቸው መውጣት አለባቸው። ርካሽ ፋብሪካዎች ከሚቆጥቡባቸው ቦታዎች አንዱ የጉድጓድ ማለስለስ ነው፤ ሻካራ ከሆነ ሲተኮስ ቀለሁ ተነፍቶ ይጣበቅና በመዳፍ እየተመታ እንኳ አልወጣም ይላል።

ብሎኖቹ ራሳቸው ይመሰክራሉ። ራሳቸው ላይ ያለው ስንጥቅ በማይገጥም ካቻቢቴ ከተጫረ ሽጉጡ ተከፍቶ የነበረ ነው። ቀለህ አስወጪውን ዘንግ ደግሞ በጣት ይሞክሩት። ከላላ ወደ ፊት እየወጣ ይሄድና ከበሮው አልከፈትም ይላል፤ አዲስ ርካሽ ሽጉጥ ላይ የተለመደ ነው፣ ማጥበቅ ብቻ ነው የሚፈልገው። አንዳንዱ የሚጠብቀው ወደ ግራ ስለሆነ በግድ አይጠምዝዙ።

የትኛው ርካሽ?

የብራዚሎቹ ታውረስና ሮሲ፣ የፊሊፒንሱ አርምስኮር በዓለም ገበያ ከአሜሪካኖቹ ስሚዝ ኤንድ ዌሰንና ኮልት በታች ይሸጣሉ። ገላቸው ደህና ብረት ነው። የተቆጠበው ማለስለስ፣ የምላጭ ልስላሴና ፋብሪካ ውስጥ በሚደረገው የመጨረሻ ፍተሻ ላይ ነው። በአጭሩ ያንን የመጨረሻ ፍተሻ ገዢው ራሱ ያደርገዋል። ከላይ ያሉትን ካለፉ ገንዘባቸውን ያወጣሉ።

ወሎ ውስጥ ደግሞ ሌላ ዓይነት ርካሽ አለ፣ ያያት ቅርስ። በ1928 ጣሊያን፣ በ1933 የእንግሊዝ ጦር በዚሁ በኮምቦልቻና በደሴ መንገድ አልፈዋል፤ የጣሊያኑ ቦዴዎና የእንግሊዙ ዌብሊ የነዚያ ሠራዊቶች የጎን መሣሪያ ነበሩ። ቦዴዎ፣ የፈረንጅ 1889 ሞዴል፣ የሚጎርሰው 10.35 ሚሊ ሜትር ጥይት እንደ ልብ የሚገኝ አይደለም። የወታደሩ ቦዴዎ የምላጭ ከለላ የለውም፣ ምላጩ ይታጠፋል፤ በዚህ ይታወቃል። የሩሲያው ናጋንት ሰባት ጎራሽ ነው፣ ሲወጠር ከበሮው ወደ ፊት ሄዶ አፈሙዙ ላይ ስለሚገጥም የወረቀቱ ፈተና አይሠራበትም። ጠንካራ ነው፣ ግን መዶሻው ሳይወጠር ሲሳብ ምላጩ በጣም ከባድ ነው፤ ጥይቱም የራሱ ብቻ ነው። ዌብሊው ላይ ከበሮው ጀርባ ተልጦ ሌላ ጥይት እንዲጎርስ የተደረገ ካጋጠመዎ ይራቁት፤ አዲሱ ጥይት ያ አሮጌ ብረት ከሚችለው በላይ ይገፋል። እነዚህ በሕጉ መሠረት ተመዝግበው እንደ ቅርስ ቢቀመጡ ክብራቸው ነው፣ «ይሠራል» ተብሎ ዋጋ አይከፈልባቸውም።

ጥይቱን ሳይጠይቁ ሽጉጡን አይጠይቁ። ለአዲስ ገዢ አመቺው .38 ስፔሻል ነው። .357 ማግነም የሚጎርስ ሽጉጥ .38 ስፔሻልንም ይተኩሳል፣ ተቃራኒው ግን ክልክል ነው። የማካሮቭ ጥይት ለእነዚህ ምትክ አይሆንም፤ ቂጡ ላይ ጠርዝ ስለሌለው ጉድጓዱ ውስጥ የሚይዘውም የሚያወጣውም የለም።

7. የተኩስ ሙከራ

በሕግ በተፈቀደ ቦታ ብቻ፣ በዓይን መከላከያና በጆሮ መድፈኛ። ሠላሳ ጥይት፣ ማለትም ለየጉድጓዱ አምስት፣ ከዚያ ያነሰው ምንም አይነግርም። ጉድጓዶቹን በጠመኔ ቁጥር ይስጧቸውና ቀለሆቹን በየተራቸው ያስቀምጡ። የመርፌው ምት ካፕሱሉ መሐል ላይ ይሁን። የከሸፈ ካለ በየትኛው ቁጥር እንደሆነ ይመዝገብ፦ ያው ቁጥር ሁለቴ ከከሸፈ ከበሮው ነው፤ እዚህም እዚያም ከከሸፈና ምቱ ጥልቀት ከሌለው የመዶሻው ሞላ ነው፣ ወይም እጀታው ፊት ያለውን የሞላ ብሎን ምላጭ ለማቅለል ያላላው ሰው አለ። ምቱ ጥልቅ ሆኖ የከሸፈ ከጥይቱ ነው። ጥይት ሲከሽፍ አፈሙዙን ሳያዞሩ ሠላሳ ሰከንድ ይቁጠሩ። ድምፁ ደከም ብሎ «ፕፍ» ካለ ቀጣዩን አይተኩሱ፤ የጥይቱ እርሳስ አፈሙዙ ውስጥ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

ሃያ ያህል ከተተኮሰ በኋላ ከበሮው ከከበደ ክፍተቱን ከመክሰስዎ በፊት ኮከቡን አንስተው ሥሩን ይዩ። ያልነደደ የባሩድ ቅንጣት እዚያ ከተቀመጠ ኮከቡ ወደ ኋላ ተገፍቶ ከበሮው ይጨናነቃል። መድኃኒቱ አሮጌ የጥርስ ብሩሽና ቀለህ ሲያወጡ አፈሙዙን ወደ ሰማይ ማቅናት ነው፤ ቅንጣቱ ከቀለሁ ጋር ወደ ታች ይወርዳል።

ከገዙ በኋላ

ደሴ ሐምሌና ነሐሴ ጉሙ ከጦሳ ተራራ ወርዶ ቤት ውስጥ ይገባል፣ ኮምቦልቻ ደግሞ ሞቃት ናት። ከደሴ ብርድ ወርዶ ኮምቦልቻ ሙቀት ውስጥ የገባ ብረት ያልበዋል፤ ላቡም መጀመሪያ የሚያርፈው ከዓይን በተሰወሩት ቦታዎች፣ ጉድጓዶቹ ውስጥና እጀታው ሥር ነው። ሲደርሱ አፍታ ይጠብቁ፣ በደረቅ ጨርቅ ይጥረጉ፣ ከዚያ ቀጭን ዘይት ያስነኩ። የስፌት መኪና ዘይት ይሆናል። የምግብ ዘይት ይዋል ይደር እንጂ እንደ ሙጫ ይደርቃል፣ የተቃጠለ የሞተር ዘይትም ውስጡ ያለው ጥቀርሻ ብረት ይበላል። ዘይት አይብዛ፤ ሁለት ጠብታ ለዘንጉ፣ ለቀረው በጨርቅ የታሸ ብቻ፣ ጉድጓዶቹ ጥይት ከመጉረሳቸው በፊት ደረቅ ይሁኑ፤ ዘይት ካፕሱል ውስጥ ከሰረገ ጥይቱ ይከሽፋል። በቆዳ አፎት ውስጥ ማሳደር ክልክል ነው፤ ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ የለፋበትም ጨው ብረቱን ያዝጋል። ሽጉጡ በደረቅ የጥጥ ጨርቅ ተጠቅልሎ ቁልፍ ባለው ሳጥን፣ ጥይቱ በሌላ ሳጥን፣ ቁልፎቹም ልጅ በማያገኛቸው ቦታ።